ሃይፐርካሌሚያ፣ ኮሎስቶሚ፣ ኤምሲቪ፣ ኦዲ፦ የሕክምና ቃላትንና ምህጻረ ቃላትን እንዴት ላንብባቸው?

ጀማሪ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የሕክምና ቃላቱን አንድ በአንድ መሸምደድ አልገፋ አለኝ። ሃይፐርካሌሚያና ሃይፐርካልሴሚያ ይምታቱብኛል፣ ኮሎስቶሚና ኮሌክቶሚም እንደዚያው። ምህጻረ ቃላቱ ደግሞ ባሰ፤ ኤምኤስ አንድ ቦታ በሽታ ነው፣ ሌላ ቦታ መድኃኒት። በተለይ የደም ምርመራ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ያሉትን ለመረዳት የተሻለ መንገድ ካለ ለታናሽ እህታችሁ አስረዱኝ።

ሥርወ ቃል፦
እህቴ፣ ቃሉን ከኋላ ጀምረሽ አንብቢው። መጨረሻው ነገሩ በሽታ ይሁን፣ ቀዶ ሕክምና ይሁን፣ ምርመራ ይሁን ይነግርሻል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ዝለይ፤ ቅድመ ቅጥያው መብዛቱን፣ መጉደሉን ወይም ቦታውን ያሳያል። መሐል የሚቀረው ሥር የአካል ክፍሉ ወይም ንጥረ ነገሩ ነው።

ያንቺኑ ምሳሌ እንፍታው። ሃይፐርካሌሚያ መጨረሻው «ኤሚያ» ነው፣ ደም ውስጥ ያለን ነገር ያመለክታል። «ሃይፐር» ከልክ በላይ ነው። መሐል የቀረችው «ካል» ካሊየም ከሚለው የፖታሲየም የላቲን ስም የመጣች ናት፤ የፖታሲየም ምልክት ኬ የሆነውም ለዚህ ነው። ሃይፐርካልሴሚያ ላይ ግን ሥሩ «ካልስ» ነው፣ ካልሲየም። ሶዲየም ደግሞ «ናትር» ስለሚባል በደም ውስጥ ሲያንስ ሃይፖናትሬሚያ ይሆናል። ሦስቱን ሥሮች ከያዝሽ ስድስት ቃል አገኘሽ ማለት ነው። መጨረሻው «ዩሪያ» ከሆነ ወሬው ስለ ደም ሳይሆን ስለ ሽንት ነው፤ ሄማቹሪያ በሽንት ውስጥ ደም መኖሩ ነው።

ኮሌክቶሚና ኮሎስቶሚ የሚለያዩትም ጅራታቸው ላይ ነው። «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት ነው። «ኦስቶሚ» አዲስ መክፈቻ ማበጀት ነው። «ኦቶሚ» ደግሞ መቅደድ ወይም መክፈት ብቻ። ኮሌክቶሚ የተደረገለት ሰው ትልቁ አንጀቱ ወይም ከፊሉ ወጥቷል፤ ኮሎስቶሚ ያለው ሰው ግን ሆዱ ላይ ከረጢት የሚለጠፍበት መክፈቻ አለው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን አይተሽ ሌላውን እንዳትገምቺ።

ጋስትራይቲስና (የጨጓራ ብግነት) ጋስትሮስኮፒን (ጨጓራን በመሣሪያ ማየት) ስታዪ ሁለት ሥር አይምሰልሽ። «ኦ» ማያያዣ ናት፤ ተከታዩ ድኅረ ቅጥያ በአናባቢ ሲጀምር ትወድቃለች።

ሐኪም ከዋርድ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን ደንቡ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ ተማሪ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። «ኦማ» ዕጢ ነው ተብሎ ይጻፋል። ሄማቶማ ግን ከደም ሥር ወጥቶ የተጠራቀመ ደም ነው፣ ግላኮማም የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ እንጂ ዕጢ አይደለም። «ማየል» ኅብለ ሰረሰርም መቅኔም ይሆናል፤ ማየሎማ የመቅኔ ነው፣ ማየላይቲስ ብቻውን ሲቆም ግን የኅብለ ሰረሰር ብግነት ነው። «ማዮ» ጡንቻ፣ «ማይኮ» ደግሞ ፈንገስ። «ሲስት» ፊኛ ወይም ከረጢት፣ «ሳይት» ሕዋስ።

በጆሮ ብቻ የሚሰማን ቃል አትመኚ። የትንሹ አንጀት መጨረሻና የዳሌው አጥንት ሁለቱም ኢሊየም ተብለው ይጠራሉ፤ የሚለያቸው በላቲን አጻጻፍ አንዲት ፊደል ናት። ዲስፋጂያ የመዋጥ ችግር ነው፣ ዲስፋዝያ የንግግር። ሃይፖና ሃይፐር በስልክ ሲነገሩ በቀላሉ ስለሚምታቱ ቁጥሩን አስከትሎ መናገር ያሻል፤ «ሃይፖካሌሚያ፣ ፖታሲየም 2.8» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ላብራቶሪ፦
ስለ ደም ቆጠራው እኔ ልጨምር። ሲቢሲ ጠቅላላ የደም ሕዋስ ቆጠራ ነው። ደብሊውቢሲ ነጭ የደም ሕዋስ፣ አርቢሲ ቀይ፣ ኤችሲቲ ሄማቶክሪት ነው፤ ማለትም ከደሙ መጠን ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ በመቶኛ። ኤምሲቪ የአንድ ቀይ ሕዋስ አማካይ መጠን ነው፤ በእጅሽ አስልተሽ ማረጋገጥም ትችያለሽ። ሄማቶክሪት 27፣ ቀይ ሕዋስ 4.0 ሚሊዮን በማይክሮሊትር ቢሆን፣ 27ን በ10 አባዝተሽ ለ4.0 ስታካፍዪ 67.5 ፌምቶሊትር ይመጣል። በአዋቂ ሰው ከ80 በታች ማይክሮሳይቲክ (ትንሽ ሕዋስ)፣ ከ100 በላይ ማክሮሳይቲክ (ትልቅ ሕዋስ) ይባላል። አማካይ መሆኑን ግን አትርሺ። ትንንሽና ትልልቅ ሕዋሶች ተቀላቅለው ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ያኔ የመጠን መለያየትን የሚለካውን አርዲደብሊውን ተመልከቺ።

«ፔኒያ» ማነስ ነው፤ ሉኮፔኒያ የነጭ ሕዋስ ማነስ፣ ትሮምቦሳይቶፔኒያ የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሕዋስ) ማነስ፣ ፓንሳይቶፔኒያ የሁሉም።

ጀማሪ ነርስ፦
በጣም አመሰግናለሁ! አንድ ውጤት ላይ «ስዩዶትሮምቦሳይቶፔኒያ» የሚል አየሁ። «ስዩዶ» ምንድን ነው?

ላብራቶሪ፦
ሐሰተኛ ማለት ነው። ፕሌትሌቱ ሳይቀንስ ማሽኑ ቀንሷል ይላል። በአንዳንድ ሰው ደም ላይ ኢዲቲኤ የተባለው ፀረ መርጋት ፕሌትሌቶቹ እንዲጣበቁ ያደርጋል፤ ማሽኑ ክምሩን እንደ ፕሌትሌት አይቆጥረውም። ስለዚህ ታካሚው ሳይደማ ቁጥሩ በጣም ሲወርድ መጀመሪያ ስላይድ ተሠርቶ በማይክሮስኮፕ ክምር መኖሩ ይታያል። ካለ ደሙ ሲትሬት የተባለ ሌላ ፀረ መርጋት ባለበት ቲዩብ እንደገና ይቀዳል፤ አንድ እጅ ሲትሬት ለዘጠኝ እጅ ደም ስለሚሆን ውጤቱ በ1.1 ይባዛል። አንዳንዴ በሲትሬትም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ስላይዱ በድጋሚ መታየት አለበት።

ፋርማሲ፦
ማዘዣ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የላቲን ሐረጎች ናቸው። ፒኦ በአፍ፣ ኤንፒኦ በአፍ ምንም አይሰጥ፣ ቢአይዲ በቀን ሁለቴ፣ ቲአይዲ ሦስቴ፣ ኪውአይዲ አራቴ፣ ፒአርኤን ሲያስፈልግ ብቻ። እነዚህን ብታውቂ ይበቃል፤ ከዚህ ይልቅ ልብ የሚያስፈልገው ሰው የሚጎዱትን ማወቅ ነው።

ኪውዲ በቀን አንዴ ነው፣ በእጅ ሲጻፍ ግን መሐሉ ላይ ነጥብ ካረፈ ኪውአይዲ ይመስላል፤ መጠኑ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዩኒት ለማለት የሚጻፈው የላቲን ፊደል ዜሮ ስለሚመስል 4 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። 1.0 ነጥቡ ካልታየ 10 ይሆናል፤ ዜሮ ሳይቀድማት የተጻፈች ነጥብ አምስትም 5 ትሆናለች። ስለዚህ 1 እና 0.5 ብለሽ ጻፊ። የማይክሮግራም ምልክት ሚሊግራም ተብሎ ከተነበበ ስህተቱ 1,000 እጥፍ ነው፤ ቃሉን ሙሉውን ጻፊው። የጠየቅሽው ኤምኤስ ሞርፊን ሰልፌትም ማግኒዚየም ሰልፌትም ተብሎ ሊነበብ ይችላል፣ የነርቭ በሽታም ነው፣ የልብ ቫልቭ መጥበብም ነው። ኦዲ ለአንዱ «በቀን አንዴ»፣ ለዓይን ሐኪም «ቀኝ ዓይን»፣ ድንገተኛ ክፍል ደግሞ «ከመጠን በላይ መውሰድ» ነው።

በአሜሪካ የጤና ተቋማትን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ኪውዲን፣ የዩኒትን አጭር ፊደል፣ ኤምኤስንና ከነጥብ በኋላ የሚጨመረውን ዜሮ ክልክል ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። የትም ብትሠሪ ራስሽ አትጻፊያቸው።

ሐኪም ከዋርድ፦
በዚህ ላይ፣ ምህጻረ ቃል ሲያጋጥምሽ የተጻፈበትን ቦታ እዪ። አርኤ ከኦክስጅን መጠን ጎን ካለ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ማለት ነው፣ የልብ አልትራሳውንድ ላይ የቀኝ ላይኛው የልብ ክፍል፣ የበሽታ ታሪክ ላይ ሩማቶይድ አርትራይቲስ። ቦታው ካልፈታው የጻፈውን ሰው ጠይቂ። ማዘዣ ከሆነ ደግሞ ሳትጠይቂ መድኃኒቱን አትስጪ፤ ያዘዘው ሰውም ሙሉ ቃሉን በራሱ እጅ ያስተካክል።