ከደሴ ሐዋሳ ልጆች ይዞ ሌሊቱን መንዳት ይሻላል?

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በጥር ወር የባለቤቴ እህት ሠርግ ሐዋሳ ስለሆነ ከነቤተሰቤ በራሴ መኪና ለመሄድ አስበናል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ሐዋሳ ደግሞ ሌላ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሰባት ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ የምንጓዘው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ8፣ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆቻችን፣ 68 ዓመት የሞላቸው እናቴ እና የባለቤቴ ወንድም ነን። ወንድሟ መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም ከከተማ ውጭ ብዙም ነድቶ አያውቅም።

ሐሳቤ ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ማታ 3 ሰዓት ላይ መነሣት ነው። ሁለቱ ትንንሾች ገና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ስለሚያስመልሳቸው፣ የኋላውን ወንበር አጥፌ ፍራሽ ባነጥፍላቸው ተኝተው ያድራሉ፣ እኛም ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይሞላ እንደርሳለን ብዬ ነው። ሠርጉ እሑድ ነው። ልምድ ያላችሁ ይህ ሐሳብ ያዋጣ እንደሆነ፣ እንቅልፍን እንዴት እንደምትቋቋሙና ለመኪናው ምን ዝግጅት እንደሚያስፈልግ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በእኛ አካባቢ የሌሊት እንቅስቃሴ በየጊዜው ሊከለከልና ኬላዎችም ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ በዚያው ሳምንት በመንገዱ ላይ ከዋሉ ሾፌሮች ሳይጠይቁ ሰዓት አይቁረጡ። ልጆችና እናት ይዞ ኬላ ላይ ማደር ቀላል ነገር አይደለም።

መንገዱ ክፍት ቢሆን እንኳ ሰዓቱን በመንገዱ ላይ ደልድለው ይመልከቱት። ማታ 3 ሰዓት ከደሴ የተነሣ ሰው ሐርቡን፣ ከሚሴንና አጣዬን አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ ከ1300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። ስለዚህ ጠመዝማዛውን ዳገትና መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ አካባቢ ጉም የሚያገኙት እንቅልፍ በሚበረታበት ሰዓት፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውለው ከደከሙ በኋላ ይሆናል።

ቆላው ሜዳ ስለሆነ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከዳገቱ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ከብትና ግመል ሌሊትም አስፋልት ላይ ሊገኝ ይችላል። ግመል ረጅም በመሆኑ የአጭር መብራት እግሩን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሲመታም ከባዱ አካሉ የሚወድቀው በመስታወቱ ላይ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት በኮምቦልቻ ስለሚያልፍ ከባድ መኪና በዚህ መስመር ብዙ ነው። ከመካከላቸው የተበላሸው መብራትም አንጸባራቂም ሳይኖረው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ምልክቱም የተቆረጠ ቅርንጫፍና ለጎማ የተደገፈ ድንጋይ ብቻ ይሆናል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው የሚቀርበት ጊዜ አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የአጭር መብራት ደግሞ አጥርቶ የሚያሳየው ጥቂት አሥር ሜትሮችን ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ድንጋይ ሲያዩት ለማቆም ዘግይተዋል።

ምክሬ ለዓርብ የግማሽ ቀን ፈቃድ ይጠይቁ የሚል ነው። 6 ሰዓት ላይ ከተነሡ ጣርማ በርን በቀን ብርሃን ተሻግረው 12 ሰዓት ገደማ ደብረ ብርሃን ያድራሉ። የቀረው እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም እስከ ሐዋሳ ያለው መንገድ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው ሳይመሽ ይገባሉ።

መልስ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ከወንድማችን ጋር በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሌሊት የሚነዳ ሁሉ ግዴለሽ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ሰላም በነበረባቸው ዓመታት ቤተሰቤን ይዤ በሌሊት ሄጃለሁ፤ ቀኑን ግን ተኝቼ ነበር የምውለው፣ እኩል ልምድ ያለው ሌላ ሾፌርም ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። እርስዎ ሁለቱም የሉዎትም። አማችዎ ከከተማ ውጭ ካልነዳ፣ የመጀመሪያ ልምምዱ በሌሊት፣ ያውም ሰባት ነፍስ ተጭኖ መሆን የለበትም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቆላው ሜዳ ላይ ጥቂት ቢነዳ ግን ለመልሱ ጉዞ ይጠቅማችኋል።

መልስ (ነርስ፣ ከደሴ)

ስለ እንቅልፉ የጠየቁትን ልመልስ። ሰውነታችን ብንፈልግም ባንፈልግም ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይዝላል። ለ17 ሰዓታት ነቅቶ የቆየ ሰው ንቃቱና ውሳኔው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሥተው ሥራ ውለው ማታ ከነዱ እዚህ ደረጃ የሚደርሱት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከሸዋ ሮቢት በፊት ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ ለጥቂት ደቂቃ ያታልላል እንጂ እንቅልፍን አያስቀርም። ቡና ይረዳል፤ የሚሠራው ግን ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ የሚበጀው ደህና ቦታ አቁሞ ቡናውን ጠጥቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብ ነው። በጫት መንዳትን ፈጽሞ አልመክርም፤ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ምርቃናው ሲበርድም ድካሙ ባንድ ጊዜ ይመጣል።

ማስመለስን የሚከላከሉት ኪኒኖች ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ሾፌር ሊውጣቸው አይገባም፤ ለሁለት ዓመቱ ልጅም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡት። እናትዎ ለረጅም ሰዓት እንዳይቀመጡ በየሁለት ሰዓቱ ይውረዱና ጥቂት ይራመዱ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን፤ ሻንጣ ሥር መቀበር የለበትም።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ ከኮምቦልቻ)

ወንድምዓለም፣ እባክዎ ያንን ፍራሽ ይተዉት። ብዙዎቻችን ለልጆቹ ምቾት ብለን የምናደርገው ነገር ነው፤ ነገር ግን መኪናው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ቀበቶ የሌለው ልጅ እንደ ተወረወረ ዕቃ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ታቅፎ መያዝም አያድነውም፤ በግጭት ጊዜ ሕፃኑን በክንዱ አጥብቆ ሊያስቀር የሚችል ሰው የለም። ለሁለት ዓመቱ የሕፃን ወንበር ይፈልጉለት፣ ታላላቆቹም በቀበቶ ይታሰሩ፤ እንዲህ ሆነውም ይተኛሉ።

ስለ ማስመለሱ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ልጆቹ ቅባት የበዛበት ምግብ አይብሉ፤ ዳቦና ትንሽ ሻይ ይበቃቸዋል። ስልክ እንዳያዩ ከልክሏቸውና ወደ ፊት፣ ወደ ሩቅ ይመልከቱ። ሐረጎን በዝግታ መውረድ ከኪኒን ይልቅ ይረዳል። ደብረ ብርሃን በጥር ሌሊት እጅግ ስለሚበርድ ብርድ ልብስና ካልሲ ከላይ በሚገኝ ቦርሳ ይያዙ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን የሌሊቱን ሐሳብ ትተነዋል፤ የግማሽ ቀን ፈቃዱንም ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የቀረኝ የመኪናው ነገር ነው፤ ከሰው ብዛት ሌላ ሻንጣም ይኖረናል።

መልስ (መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ)

የጎማውን ነፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ፤ ለሙሉ ጭነት የሚያስፈልገው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ትርፍ ጎማውንና ክሪኩንም ይዩ። ከኋላ ሻንጣ ሲበዛ የመኪናው አፍንጫ ቀና ስለሚል የፊት መብራቱ የሌላውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ ዝቅ ማድረጊያ ካለው ከጫኑ በኋላ ያስተካክሉት።

ከሸዋ ሮቢት ሲወጡ ሙቀቱና ዳገቱ አንድ ላይ ስለሚመጡ የራዲያተሩን ውሃ ቀድመው ያስፈትሹ፤ የሙቀት ጌጁ ከፍ ካለ ቆመው ያቀዝቅዙ እንጂ ትኩስ ክዳን አይክፈቱ። ሐረጎን ስትወርዱና ስትመለሱ ከጣርማ በር ቁልቁል በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ላይ ብቻ የተደገፈ ሰው ሸራው ግሎ ፍሬኑ ይከዳዋል። ነዳጁን ሰልፉ ስለማይታወቅ ሐሙስ ይሙሉ፤ በጀሪካን ቤንዚን ልጆች ከተቀመጡበት መኪና ውስጥ ግን አያስገቡ። ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ብቅ ካሉ ፍሬኑንና መብራቱን አብረን እናየዋለን።