የአስማት ዕቃ ዋጋ፦ መጽሐፉ «ከ501 እስከ 5,000» ይላል፣ እኔ ስንት ልበል?

ጥያቄ፦ የሳቢያኑ ዲኤም (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነን፣ አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤንዲ (ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ታሪክ እየፈጠሩ በዳይስ የሚጫወቱት) እንጫወታለን። የምንጠቀመው አምስተኛውን እትም ነው፣ በፈረንጆች 2014 የወጣውን። ዲኤሙ እኔ ነኝ። ታሪኩን የማስኬደው፣ ጭራቁንም ነጋዴውንም ሆኜ የምናገረው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ልጆቹ ሌቭል 6 ደርሰዋል። ባለፈው ዘንዶ ገድለው 9,000 ወርቅ (የጨዋታው የወርቅ ሳንቲም) ይዘው ወጡ። አሁን ትልቅ ገበያ ያለበት ከተማ ሊገቡ ነው። ከተማውን የሠራሁት የድሬን ቀፊራ ገበያ እያሰብኩ ነው። ድንኳኑ፣ አህያው፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም አለ። የጎደለኝ ዋጋው ነው። የመጽሐፉ ሠንጠረዥ «ሬር» (ብርቅ) ለሚባል ዕቃ ከ501 እስከ 5,000 ወርቅ ይላል። ይሄ ዋጋ ነው ወይስ ቀልድ?

የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንዱ የሚበር መጥረጊያ፣ አንዱ የእሳት ሰይፍ፣ አንዷ ደግሞ ውኃው የማያልቅ ብርሌ።

ሌላም አለ። ሰይፉን የሚፈልገው ልጅ በእውነተኛው ዓለም ታይዋን (እዚሁ ድሬ ያለው ገበያ) ውስጥ ሱቅ አለው። ሲከራከር አይቻልም። ባለፈው አንዲት የፈውስ ብልቃጥ 50 ወርቅ ናት ብዬው ሩብ ሰዓት አደረቀኝ። እርዱኝ አቦ።

የከዚራ ጥላ

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። ያንተ መጽሐፍ ዕቃውን በብርቅነት ደረጃ ከፍሎ፣ ከታች ሲጀምር ለኮመን (ተራ) ከ50 እስከ 100፣ ለአንኮመን እስከ 500፣ ለሬር እስከ 5,000፣ ለቬሪ ሬር እስከ 50,000 ይላል። ሌጀንደሪ ከዚያ በላይ ነው። በ2017 የወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ ዋጋውን በዳይስ አደረገው። ለሬር ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ሁለት ጥለህ ድምሩን በ1,000 ታባዛለህ። ስለዚህ ከ2,000 እስከ 20,000 ይሄዳል። የባሰ አታምጣ ነው።

የ2024ቱ እትም ገላገለን። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ቁጥር ብቻ ሰጠ፦ 100፣ 400፣ 4,000፣ 40,000፣ 200,000። አንዴ ተጠቅመህበት የሚያልቅ ዕቃ የዚህ ግማሽ ነው፣ ከአስማት ጥቅልል በስተቀር። እትም መቀየር አይጠበቅብህም፣ ቁጥሮቹን ብቻ ተዋስ። ሰይፉ ሬር ነው፣ 4,000 በለውና ዝጋ።

አምስት በር (ሐረር)

ከዚራ ለሰይፉ ልክ ነው። በሌሎቹ ላይ ግን ሠንጠረዡ ጉድ ይሠራሃል። ደረጃው የሚነግርህ ዕቃው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ነው። ምን ያህል እንደሚጠቅም አይነግርህም።

መጥረጊያውን ተመልከት። አንኮመን ነው፣ በመጽሐፍህ ቢበዛ 500 ወርቅ። ዕድሜ ልክህን ትበርበታለህ። ከሰውነትህ ጋር ማስተሳሰር እንኳ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ አንድ ሰው በአንዴ ሊያስተሳስር ከሚችላቸው ሦስት ዕቃዎች የአንዱን ቦታ አይወስድብህም። አሁን የመብረሪያ መድኃኒቱን ተመልከት። ቬሪ ሬር ነው። ጠጥተህ የምትበረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ግማሽ ዋጋ ብታስቀምጥለት እንኳ ከ2,500 ወርቅ አይወርድም። በአንዱ ሰዓት ሒሳብ አምስት መጥረጊያ ትገዛለህ። የሚበረው ምንጣፍም እንደ መድኃኒቱ ቬሪ ሬር ነው።

ወይም የመከላከያ ካባውንና የመከላከያ ቀለበቱን አስተያያቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። ካባው አንኮመን፣ ቀለበቱ ሬር። በ2024ቱ ቁጥር አንዱ 400፣ አንዱ 4,000። የታይዋኑ ልጅ ይህቺን ካገኘ አለቀልህ።

ስለዚህ ከደረጃው በፊት «ይሄ ዕቃ የትኛውን ችግሬን ያጠፋዋል?» ብለህ ጠይቅ። ገደል፣ ግንብ፣ ወንዝ እያዘጋጀህ ከሆነ መጥረጊያው ሁሉንም ያጠፋብሃል። እኔ ብሆን እንደ ውድ ሬር ቆጥሬ 6,000 እለዋለሁ። ሰይፉ በምቱ ላይ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ እሳት ይጨምራል፣ በአማካይ 7 ማለት ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ውጊያው ውጊያ ሆኖ ይቀጥላል። 4,000 ይበቃዋል። አሁን ደምረው፣ 10,000። ያላቸው 9,000 ነው። እርስ በርስ ይነጋገሩ እንጂ፣ አንተ ምን አስጨነቀህ?

ብርሌዋ ግን የዚህ ሁሉ ንግሥት ናት። እኛ ሐረር ጄሪካን ደርድሮ ውኃ መጠበቅን እናውቃለን፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። አንኮመን ናት፣ 400 ወርቅ። «ምንጭ» የሚለውን ቃል ስትነግራት አምስት ጋሎን ታፈሳለች። አምስት ጋሎን 19 ሊትር ነው፣ አንድ ቢጫ ጄሪካን በለው። በየዙሩ አንዴ ትነግራታለህ፣ በጨዋታው አንድ ዙር ስድስት ሴኮንድ ነው። በደቂቃ አሥር ጄሪካን፣ በሰዓት 600። በደረቅ ከተማ ጄሪካኑን በአንድ የመዳብ ሳንቲም (መቶው አንድ ወርቅ ነው) ብትሸጠው በሰዓት 6 ወርቅ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ 48 ወርቅ። በዘጠኝ ቀን 400 ወርቋን መለሰች። ከዚያ በኋላ ትርፍ ነው። ትልቁን ቃል ከተናገርክማ በአንዴ 30 ጋሎን ነው።

አንዲት እንከን ብቻ አለባት። በየስድስት ሴኮንዱ አጠገቧ ቆሞ ቃሉን የሚናገር ሰው ትፈልጋለች። የቀን ሠራተኛ በመጽሐፉ በቀን 2 የብር ሳንቲም ነው የሚከፈለው፣ እሱ ችግር አይሆንም። ጉሮሮው ግን ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለች ዕቃ ሱቅ ውስጥ አትንጠለጠልም። ወይ አሚሩ ይይዛታል ወይ የውኃ ነጋዴዎቹ። ልጅቷ ከፈለገች ሄዳ ትደራደር። ዋጋውም ወርቅ አይሁን፣ ውለታ ይሁን።

አላፊ አግዳሚ

ስለ ወርቅ ሲወራ ነው የገባሁት። ግራሙ ስንት ገባ?

የከዚራ ጥላ

ወንድሜ ጨዋታ ነው። ዘንዶ ገድለን ነው ያመጣነው።

አላፊ አግዳሚ

እሺ፣ በርቱ።

የድሮ ዳይስ

ልጆች፣ እኔ በሦስተኛው እትም ያረጀሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ቀመር ነበር። ለመሣሪያ ፕላሱን (ዕቃው ዳይሱ ላይ የሚጨምረውን ቁጥር) በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ በ2,000። ፕላስ 1 ሰይፍ 2,000፣ ፕላስ 2 8,000፣ ፕላስ 3 18,000። ለጥሩር በ1,000 ታባዛለህ። ዋጋው እንዲህ እየዘለለ የሚወጣው ጥቅሙ እየተደራረበ ስለሚሄድ ነው። ብዙ ትመታለህ፣ ስትመታም አብዝተህ ትጎዳለህ። ይህቺን ሐሳብ ያዝ፣ ትጠቅምሃለች። አምስተኛው እትም ውስጥ ግን ቁጥሩን እንዳለ አትውሰደው። በሦስተኛው ወርቁም በብዛት ነበር፣ መግዣውም እንደዚያው።

ቀመር ብቻውንም አያድንህም። ለማያቋርጥ አስማት የነበረው ቀመር የአስማቱ ሌቭል ሲባዛ በአስማተኛው ሌቭል፣ ሲባዛ በ2,000 ነበር። ለሚቀጥለው አንድ ምት 20 የሚጨምር የሌቭል 1 አስማት ነበር። አንዱ ብልጥ ተነስቶ «ይሄን ሰይፍ ላይ ለዘላለም አድርጉልኝ» ይላል። አንድ በአንድ በ2,000፣ ዋጋው 2,000 ወርቅ! ፕላስ 20 ሰይፍ በፕላስ 1 ዋጋ። መጽሐፉ ራሱ ይሄን አውቆ መጀመሪያ ከተመሳሳይ ዕቃ ጋር አስተያዩ ይል ነበር። የሐረሩ ልጅ ካባና ቀለበት ያስተያየው ትክክለኛው መንገድ ነው።

የሳቢያኑ ዲኤም

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ተጫዋች ዕቃ ሊሸጥ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? አሮጌ ሰይፍና ጋሻ ተሸክመው ነው የሚመጡት።

የድሮ ዳይስ

በግማሽ። ከዚያ በላይ ሰምቼ አላውቅም። ደህና የሆነ ተራ መሣሪያና ጥሩር በአንተም እትም በግማሽ ነው የሚሸጠው። ለአስማት ዕቃ ገዢ እንዲፈልጉ አድርጋቸው፣ ጊዜ ይውሰድባቸው።

መኪና ግርግር (ሐረር)

ጥያቄህ ሁለት ነበር፣ ሁለተኛውን ሁሉም ዘለለው። ስለ ነጋዴው ልጅ ላውራህ። እኔም ዲኤም ነኝ። የጨርቅ ገበያ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ክርክር ጠግቤያለሁ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ቁጥር ጻፍ፣ ለራስህ ብቻ። የምትጠራው፣ ልብህ ውስጥ ያለው፣ ከዚያ የማትወርድበት። ለሰይፉ 5,000 ጥራ፣ ልብህ 4,000 ላይ ይሁን፣ ከ3,600 አትውረድ። ገዢው ሁለት ጊዜ ብቻ ዋጋ ይስጥ። ከዚያ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የማሳመን ችሎታው ተደምሮበት። 15 ካገኘ ወደ ልብህ ትወርዳለህ። 20 ካለፈ ወደ መጨረሻው። ከ10 በታች ከሆነ ነጋዴው ተቆጥቶ ዕቃውን ይጠቀልላል። ዞር ብሎ ለመሄድ ካስመሰለ አንድ ጊዜ ጥራው፣ ሁለተኛ አትጥራው።

የካራክተሩ (የሚጫወተው ሰው) ካሪዝማ፣ ማለት የማሳመን ኃይሉ፣ ስንት ነው?

የሳቢያኑ ዲኤም

8። ተዋጊ ነው።

መኪና ግርግር (ሐረር)

በቃ! አፉ የሱ ነው፣ ዳይሱ ግን የተዋጊው። በ8 ካሪዝማ ከዜሮ ሳይሆን ከመቀነስ 1 ላይ ነው የሚነሳው። የፈለገውን ያህል ያውራ።

አምስት በር (ሐረር)

እዚህ ላይ አልስማማም እህቴ። ጠረጴዛው ላይ ጥሩ የተናገረ ሰው አንድ ነገር ማግኘት አለበት፣ አለበለዚያ ለምን ያወራል? ጥሩ ከተከራከረ ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይውሰድ። መቀነስ 1ዋ እንዳለች ትቆይ። ደግሞ ነጋዴ ሁሉ ወርቅ አይፈልግም። አወዳይ ላይ ጫት ጠዋትና ማታ አንድ ዋጋ የለውም፣ ሻጩ የሚቸኩልበት ሰዓት አለ። ያንተ ሰይፍ ሻጭም የሚያስቸኩለው ነገር ይኑረው። ዕዳ አለበት እንበል፣ ካራቫኑ ነገ ሊሄድ ነው። ልጁ ይሄን ጠይቆ ካወቀ ዋጋው ይውረድለት። በጉልበት ከሚከራከር በጆሮው ይሥራ።

መኪና ግርግር (ሐረር)

ይሄን ተቀብያለሁ። ግን ሩብ ሰዓት አይደለም! ስልክህ ላይ አምስት ደቂቃ ሙላ።

የሳቢያኑ ዲኤም

እሺ፣ እንዲህ አድርጌዋለሁ። ሰይፉ 5,000 ተጠርቶ እስከ 3,600። መጥረጊያው 6,000፣ አይወርድም፣ ሻጯ አሮጊት ናት፣ ደንታ የላትም። ብርሌዋ የከተማው ገዢ ቤት ናት፣ ለእሷ ሌላ ቅዳሜ አለ። የፈውስ ብልቃጥ 50 ነው፣ ክርክር የለም።

የከዚራ ጥላ

አንድ ነገር ልጨምር። ወርቁን በምን ተሸክመውት ነው? በመጽሐፉ 50 ሳንቲም አንድ ፓውንድ ይመዝናል። 9,000 ወርቅ 180 ፓውንድ ነው፣ ወደ 82 ኪሎ። ያንን ይዞ ገበያ መሐል መቆም ለሌባ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ወይ አህያ ይከራዩ፣ ወይ ለመንዛሪ ከፍለው በፕላቲኒየም ይለውጡት፣ አንዷ አሥር ወርቅ ናት። ለመንዛሪው ከመቶ አምስት ቁረጥ። 450 ወርቅ ሳይሰማቸው ወጣ።

አምስት በር (ሐረር)

የከተማው በር ላይ ደግሞ ቀራጭ አቁም። ጀጎልም አምስት በር ነበረው፣ ማታ ማታ ይዘጋ ነበር። ሊመሽ ሲል ከመጡ ቀራጩ የፈለገውን ይጠይቃል።

የሳቢያኑ ዲኤም

ሰፊዋ የአስማት ከረጢት አለቻቸው እኮ። 500 ፓውንድ ትይዛለች፣ ራሷ ግን ሞልታም 15 ፓውንድ ናት። ማንም አያይባቸውም።

መኪና ግርግር (ሐረር)

እንግዲያው ቀራጩ ከረጢቷን «ክፈቱ» ይበላ።