ከሕፃናት ጋር ወደ ላንጋኖ ወይስ ወደ ቢሾፍቱ?

ጥያቄ፦ የ2 እና የ5 ዓመት ልጆቻችንን ይዘን፣ ወጪው ሳይከብደን፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር ለማሳለፍ አስበናል። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ መሆኑ ባለቤቴን አሳስቧታል፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ቀለሙ ከደለል የመጣ ስለሆነ አያስጨንቃችሁ፤ ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ (ውኃ ውስጥ ሲገባ በቆዳ በኩል ከሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) ነፃ በመሆኑ የሚታወቅ ነው። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በማለዳ ተነሡ። እኛ ድንኳን ተክለን፣ ስንቃችንን ከቤት ቋጥረን ስለሄድን ወጪው ቀለለን፤ ትንሿ ልጄም አሸዋውን በጭልፋ ስትዝቅ ዋለች።

ሌላ መልስ፦ ቢሾፍቱ ቅርብ ቢሆንም፣ ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠሩ በመሆናቸው ከዳር ወዲያው ይጠልቃሉ፤ ለ2 ዓመት ልጅ ከልቤ አልመክርም። ላንጋኖም እኛ በሄድንበት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል አስነሥቶ ነበርና ልጆቹን ጠዋት አጫውቷቸው።