ክርክር፦ መስመሩ እያረጀ ዕዳው የሚያድግ የስልክ ድርጅት የትርፍ ድርሻ እንዳያከፋፍል ይታገድ?

ሒሳብ መርማሪ፦
በአንድ አካባቢ ተወስኖ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ፣ ብዙ ደንበኞቹ ሌላ አማራጭ የሌላቸው ድርጅት አለ እንበል። መስመሩ ሲያረጅና ዕዳው ሲከብድ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ መክፈሉን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሊያግድ ይገባል? እኔ ይገባል ባይ ነኝ።

የአሜሪካውን ፍሮንቲየር ኮሙኒኬሽንስ እንይ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2016 የትልቁን የስልክ ድርጅት የቬራይዘንን የካሊፎርኒያ፣ የቴክሳስና የፍሎሪዳ መስመሮች በ10.54 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር። ደንበኛ እየለቀቀውም ለባለአክሲዮን መክፈሉን ቀጠለ። ያቆመው በ2018 መጀመሪያ ነው። በኤፕሪል 2020፣ 17.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ የኪሳራ ጥበቃ (ዕዳውን እስኪያስተካክል አበዳሪ እንዳይነካው) ጠየቀ። የነባር ባለአክሲዮኖች ድርሻም ከሰመ። ያ ሁሉ ሲከፋፈል የኖረው ገንዘብ ለእኔ ትርፍ አይደለም፤ ለዘር የተቀመጠ እህል ነው የተበላው።

ባለአክሲዮን፦
ወንድሜ፣ ፍሮንቲየርን የጣለው ግዢው ነው። የትርፍ ድርሻ ባይከፍል ኖሮ ለግዢው ያን ሁሉ ገንዘብ ባልተበደረ ነበር? የድምፅ ጥሪን ሞባይል ወስዶታል፣ ኢንተርኔቱን የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቶች ወስደውታል። የመዳብ መስመር ገቢ በማንኛውም አስተዳደር መውረዱ አይቀርም ነበር።

ደግሞም የእነዚህን ድርጅቶች አክሲዮን ከሚይዙት መካከል ጡረታ የወጣ ሰው አለ፤ በየሩብ ዓመቱ የምትመጣዋን ገንዘብ ብሎ ነው የገዛው። እገዳ ከመጣ አክሲዮን የሚገዛ አይኖርም፤ ያኔ ድርጅቱ የሚቀረው መንገድ ብድር ብቻ ነው። ቦርድ ራሱ ማሰብ ይችላል። ሌላው የአሜሪካ የስልክ ድርጅት ኮንሶሊዴትድ ኮሙኒኬሽንስ በ2019 ማንም ሳያዘው የትርፍ ድርሻውን አቁሞ ገንዘቡን ወደ ዕዳ ክፍያና ፈጣን ኢንተርኔት ወደሚያደርሰው የፋይበር መስመር አዞረ።

ሒሳብ መርማሪ፦
ልክ ነው፣ አቆመ። በዚያው ሰሞን የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ። ቦርዶች የሚፈሩት ይህን ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሰዓት ያዘገዩታል።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚያሳስት በምሳሌ ላሳይ። ገቢ 100 ነው እንበል፤ የሥራ ማስኬጃ 60። የሚተርፈው 40፣ ሪፖርቱ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ኢቢትዳ የሚባለው ቁጥር ነው፦ ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለ ትርፍ። አንባቢ አይቶት ጤነኛ ድርጅት ይላል። አሁን ወለድ 20 ይቀነስ፤ ምሰሶውን ለማቆም፣ ኬብሉን ለመቀየር 15 ይቀነስ። ግብርን ትተን 5 ቀረ። የትርፍ ድርሻው ግን 12 ነው። 7ቱ ከየት መጣ? ወይ ከአዲስ ብድር፣ ወይ 15 የነበረው የመስመር ወጪ 8 ሆኗል። ሁለተኛው በዚህ ዓመት ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ኢቢትዳው ያው 40 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ደንበኛው ሲሄድ ይታያል። ፍሮንቲየር ራሱ ከኪሳራው በፊት ለአበዳሪዎቹ ባቀረበው ሰነድ በፋይበር ላይ በቂ ገንዘብ እንዳላወጣ አምኗል።

ኬብል ጠጋኝ፦
ያ የጎደለው 7 መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሠራሁበትን ድርጅት ስም አልጠራም። ዝናብ በጣለ ማግስት የብልሽት ጥሪው ይጎርፋል። ሳጥኑን ስከፍት የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ መጋጠሚያው ላይ አንድ ባልደረባዬ ከዓመታት በፊት ለጊዜው ብሎ የጠመጠመው ፕላስቲክ ዛሬም አለ፣ ውስጡ ውሃ አቁሯል። ኬብሉ ይቀየር ብዬ ስጽፍ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ ደረቅ ጥንድ (ውሃ ያልነካው ሁለት የመዳብ ሽቦ) ፈልገህ ደንበኛውን ወደሱ አዛውር። ደረቅ ጥንድ ያልቃል። በመጨረሻ ለአንዲት አዛውንት የምሰጣቸው ጥንድ አጥቼ ስልካቸው እየተንሿሿ ትቻቸው ሄጃለሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የሕግ ባለሙያ፦
እገዳው ብቻውን ያድናል የምትሉ፣ የአሜሪካውን የስልክ ድርጅት ፌርፖይንትን አትርሱ። በ2008 የቬራይዘንን የሜይን፣ የኒው ሃምፕሻየርና የቨርሞንት የቤት ስልክ መስመሮች ሲገዛ፣ ተቆጣጣሪዎቹ የትርፍ ድርሻውን እንዲቀንስ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠውለት ነበር። በ2009 መጀመሪያ ሥራውን ከቬራይዘን ኮምፒውተሮች ወደ ራሱ ሲያዛውር የሒሳብ መጠየቂያውና የደንበኛ ትዕዛዙ ተመሰቃቀለ፤ ሰው ለቀቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዕዳ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። እንግዲህ ተቆጣጣሪው ነበር፤ ቅድመ ሁኔታም ነበር። ያም ሆኖ ለግዢው የገባው ብድር ከባድ ነበር። በር መዘጋት ያለበት እዚያ ነው፣ ግዢው ሲፈቀድ።

ሒሳብ መርማሪ፦
የፌርፖይንት ነገር ሐሳቤን አስለውጦኛል። አጠቃላይ እገዳ አልልም። ግዢ ሲፈቀድ ለዕዳው ጣሪያ ይበጅለት፤ ዕዳው ከጣሪያው ካለፈ ወይም ለመስመር የሚወጣው ገንዘብ ከሚያስፈልገው በታች ከወረደ የትርፍ ድርሻው እስኪስተካከል ይቁም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ ግን አይበቃም።

ባለአክሲዮን፦
የዕዳውን ጣሪያ እቀበላለሁ። ለመስመር የሚያስፈልገውን ማን ይለካል? ድርጅቱ ራሱ ከሆነ ቁጥሩን ለራሱ እንዲመች ያወርደዋል፤ ተቆጣጣሪው ከሆነ ቢሮ ተቀምጦ ይገምታል።

ኬብል ጠጋኝ፦
መገመት አያስፈልግም። ተጠግኖ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና የተበላሸ መስመር ስንት እንደሆነ የጥገና መዝገቡ ላይ አለ። ቀኑ፣ ሳጥኑ፣ የጠገነው ሰው ሁሉ ተጽፏል። የትርፍ ድርሻ ከመታወጁ በፊት ያ መዝገብ ለተቆጣጣሪው ይቅረብ።