የፍኖተ ሐሊብ ጋዝ እስካሁን ያላለቀው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ወደ ኮከብነት እንደሚለውጥ ይነገራል። በዚህ ፍጥነት በእጁ ያለው ጋዝ ከጥቂት ቢሊዮን ዓመታት በላይ እንደማያቆየው ካወቅሁ ወዲህ ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ ጋላክሲው ከዋክብትን ማፍራት ከጀመረ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታልና። የሚያልቀውን የሚተካለት ምንድን ነው?

የመጀመሪያ መላሽ፦
የሚሞቱ ከዋክብት ከጋዛቸው ከፊሉን ይመልሳሉ፤ ነገር ግን እንደ ፀሐይ ያሉትና ከእርሷ ያነሱት የያዙትን ለብዙ ቢሊዮን ዓመታት ስለማይለቁ ተመላሹ ብቻውን አይበቃም። ቀሪው ከውጭ ይገባል። ለምሳሌ በ1963 እ.ኤ.አ. የተገኘው የስሚዝ ደመና ከ1 ሚሊዮን ፀሐይ በላይ የሚመዝን ሃይድሮጅን የያዘ ሲሆን፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቆይቶ ከጋላክሲያችን ዲስክ (አብዛኞቹ ከዋክብት ከሚገኙበት ጠፍጣፋ ክፍል) ጋር ይላተማል።

ሁለተኛ መላሽ፦
ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ሆኖም «ከውጭ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይሻል። በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሃብል ቴሌስኮፕ ምልከታ በደመናው ውስጥ በፀሐይ ካለው ግማሽ ያህል የሚሆን የድኝ ክምችት አግኝቷል። ድኝ የሚሠራው በከዋክብት ውስጥ ስለሆነ፣ ደመናው ቀድሞ ከዚሁ ከጋላክሲያችን የወጣ ሳይሆን አይቀርም። አወጣጡን አጉልቶ የሚያሳየን ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው ኤም82 የተባለው ጋላክሲ ነው፤ በመሃሉ ከዋክብት በብዛትና በጥድፊያ ይወለዳሉ፣ ግዙፎቹም በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሱፐርኖቫ ሆነው ሲፈነዱ የጋለው ጋዝ ሃይድሮጅኑን እየጠረገ፣ ቀይ ጭስ መስሎ ከዲስኩ በላይና በታች ይተፋል። ትንሽ ጋላክሲ ስበቱ ደካማ ስለሆነ እንዲህ የወጣው ጋዝ በቀላሉ ያመልጠዋል፤ ትልቁ ግን ብዙውን መልሶ ይስበዋል።

ጠያቂ፦
ለማብራሪያችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ያህል የሳሳና በዓይን የማይታይ ጋዝ መግባቱና መውጣቱ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛ መላሽ፦
በጥላው ነው። ከጋላክሲው ጀርባ እጅግ ርቆ የሚገኝ ኳሳር (የሩቅ ጋላክሲ እጅግ ብሩህ እምብርት) ካለ ብርሃኑ በጋዙ ውስጥ አልፎ ይደርሰናል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የብርሃን ሞገድ (ቀለም) ስለሚውጥ፣ በብርሃኑ ውስጥ ጠቁሮ የቀረው መስመር የጋዙን ዓይነትና ፍጥነት ይናገራል። አቅጣጫውን መለየት ግን ያስቸግራል፤ ጋዙ ከጋላክሲው ወዲህ ይሁን ወዲያ አይታወቅምና። ስለዚህ እኔ ይበልጥ የማምነው የጋላክሲው የራሱ ብርሃን በጋዙ ሲዋጥ የሚገኘውን ማስረጃ ነው፤ ያን ጊዜ ጋዙ በእኛና በጋላክሲው መካከል መሆኑ ስለሚረጋገጥ፣ መስመሩ ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ ጋዙ ወደ እኛ እየቀረበ፣ ማለትም ከጋላክሲው እየወጣ፣ ወደ ቀይ ካዘነበለ ደግሞ ከእኛ እየራቀ፣ ማለትም ወደ ጋላክሲው እየገባ ነው ማለት ነው።