«ዕጢ ላይ ዕጢ» እና «ደረጃ 4»፦ የታይሮይድ ምርመራ ቃላት በአማርኛ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የምትታከመው እዚህ ሜሪላንድ ነው። አንገቷ በአልትራሳውንድ ሲታይ 1.8 ሳንቲሜትር ኖዱል ስለተገኘ፣ በቀጭን መርፌ ናሙና እንዲወሰድ ቀጠሮ ተይዞላታል። በስልክ ያስተረጎሙላት ሰው «በታይሮይድ ዕጢዎ ላይ ዕጢ አለ፤ ደረጃውም 4 ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን «ቲራድስ 4» ይላል። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦

እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላቸው። እናትዎን ያስደነገጣቸው ከምርመራው ይልቅ ትርጉሙ ይመስለኛል።

«ዕጢ» በአማርኛችን ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ሁላችንም ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው፣ ሆርሞን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው፤ ታይሮይድም ከማንቁርት በታች በቢራቢሮ ቅርጽ ተዘርግቶ የሚገኝ እንዲህ ያለ ዕጢ ነው። ሁለተኛው በሽታ ነው፤ «ዕጢ ወጣባት» ሲባል ሰሚው ወዲያው የሚያስበው ካንሰርን ነው። ስለዚህ «ዕጢ ላይ ዕጢ» የሚለው አነጋገር፣ ተርጓሚው ምንም ክፉ ሳያስቡ፣ ገና ያልተመረመረውን ነገር የተፈረደበት ያስመስለዋል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን «ዕጢ» እንዳለ ትቼ ሁለተኛውን፣ ማለትም ኖዱሉን፣ «ጉብታ» እለው ነበር።

የኖዱል የላቲን ሥር «ትንሽ ቋጠሮ» ማለት ስለሆነ «ቋጠሮ» የሚሉ አሉ። ቃሉ ያምራል፤ ነገር ግን «ውሃ ቋጠረ»፣ «መግል ቋጠረ» ስለምንል ሰሚው ፈሳሽ ያለበት ይመስለዋል፤ የታይሮይድ ጉብታ ደግሞ ፈሳሽም ጠጣርም ሊሆን ይችላል። «እንቅርት» አይተካውም፤ እሱ ዕጢው ራሱ አብጦ ሲተልቅ የሚባል ሲሆን፣ በደጋው አገራችን በአዮዲን እጥረት ምክንያት እናቶቻችን ጠንቅቀው የሚያውቁት ነው። «ንፍፊት»ም ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን «ደረጃ» ነው። ካንሰር በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደተሠራጨ የሚነገርበት ቃል እሱ ስለሆነ፣ «ደረጃ 4» የሰማች እናት ነገሩ ያበቃለት ቢመስላት አይፈረድባትም። ቲራድስ ግን ከ1 እስከ 5 የሚሄድ የአልትራሳውንድ ምድብ ነው፤ ባለሙያው ጉብታው ጠጣር መሆኑን፣ ጠቆር ብሎ መታየቱን፣ ቅርጹንና ጠርዙን አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል። 4 ማለት «በመጠኑ የሚያጠራጥር» ማለት ሲሆን፣ በዚህ ምድብ መጠኑ 1.5 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል፤ የእናትዎ መርፌም የታዘዘው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በጥቅሉ ከ100 የታይሮይድ ጉብታዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም።

የመርፌው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቁጥር ስለሚይዝ ከአሁኑ ይዘጋጁ። እሱ «ቤተስዳ» የሚባለው አመዳደብ ሲሆን ከ1 እስከ 6 ይሄዳል። ስሙ የተወሰደው በ2007 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች ከተሰበሰቡባት የሜሪላንድ ከተማ ነው፤ እናትዎ ግን መጻጉዕ የተፈወሰባትን መጠመቂያ፣ ቤተ ሳይዳን፣ ማስታወሳቸው አይቀርም፤ የከተማዋም ስም መነሻው እሷው ናት። እዚህ ላይ 1 ቁጥር ያታልላል፤ «ምንም የለም» ማለት ሳይሆን «ናሙናው ለመመርመር አልበቃም» ማለት ነው። ካንሰር አለመሆኑን የሚናገረው 2 ነው። 3ን «አልለየለትም» ቢሏቸው ይበቃል።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ወረቀቱን ይዤ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ደረጃ» የሚለውን ትቼ «ምድብ»፣ ሁለተኛውን «ዕጢ» ትቼ «ጉብታ» እያልሁ ከመጀመሪያው አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ በጣቷ አንገቷን እየዳሰሰች «ታዲያ ያን ጊዜ ጉብታ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።