የሌሊት ተረኛ የእንስሳት ሐኪም እንዲኖር ምናስገባው ረቂቅ፣ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለክሊኒኮቹ ምንልከው ደብዳቤ ለጊዜው እንዲህ ይላል፣ "አዲስ አበባ ላይ 24 ሰዓት የሚሰራ የቤት እንስሳት ሆስፒታል እንዲከፈት ማህበራችን ይጠይቃል።" ሐሙስ ይላካል። ቅሬታ ያለው አሁን ይናገር፣ ከተላከ በኋላ ማጉረምረም የለም።

የገርጂዋ፦ ሆስፒታል ሚለው ላይ አልጣላም ግን ባለፈው ወር የገጠመኝን ስሙኝ። ዘበኛችን ለቁንጫ ብሎ የከብት መዥገር ማጥፊያውን ዳያዚኖን በውሃ ሳያቀጥን ውሻዬን ቡቺን ቀባት፣ በቅንነት ነው አልፈርድበትም፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ የአይኗ ብሌን ጠቦ ጠቦ ነጥብ አክሏል። አምስት ቁጥር ደወልኩ። ሶስቱ ዝግ፣ አንዱ ይጠራል አይነሳም፣ አምስተኛው አነሳና "ጠዋት 2 ሰዓት አምጪያት" አለኝ። 11 ሰዓት ላይ እቅፌ ውስጥ ሞተች።

ዶክተር፦ አይዞሽ እህቴ። እኔን ሚያናድደኝ ምን መሰለሽ፣ ለዛ መርዝ ሚሰጠው አትሮፒን ነው፣ ብርቅ መድኃኒት አይደለም፣ ማታ ግን በሩን ሚከፍት የለም። ስልክ ያነሳው ሰው ደግሞ "ጓንት አድርጊና አሁኑኑ በሳሙና እጠቢያት" ቢልሽ እንኳን ፀጉሯ ላይ የቀረው ወደ ውስጥ መግባቱን ያቆም ነበር። ስለዚህ ሆስፒታል ሚለውን አውጡት፣ እሱን ስንጠብቅ እናረጃለን። እንደ ተረኛ ፋርማሲ ተረኛ ክሊኒክ ይኑር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሐኪም፣ እንስሳውን ሚይዝለት አንድ ረዳት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተር።

ጋሼ ከላፍቶ፦ ጥሩ፣ ማነው ሚከፍለው? ሌሊት ተነስቶ ለሰራ ሐኪም ባለቤቱ "ነገ እልካለሁ" ብሎ ቢጠፋስ?

ዶክተር፦ ደርሶብኛል እኮ ጋሼ። ጨጓራው የተጠማዘዘ ጀርመን ሸፐርድ ውሻ መጣልኝ፣ ሆዱ ከበሮ ሆኗል፣ እሱ በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ አለቀ ማለት ነው፣ ሌሊቱን ሰራሁት ተነሳ፣ ሰውየው ውሻውን ወሰደና ስልኩን ዘጋብኝ።

ጋሼ ከላፍቶ፦ እንግዲያው እድር እናቁም። በወር 200 ብር፣ የተረኛው አበል ከዛ ይወጣል፣ መድኃኒትና ኦፕሬሽኑን ባለቤቱ እዛው ይክፈል። የውሻ እድር ስል ባለቤቴ እየሳቀች ነው፣ ትሳቅ።

የአያት ሰፈሩ ልጅ፦ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ ተማሪዎችስ ተረኛ ቢገቡ?

አስተባባሪ፦ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ነው ወንድሜ፣ ማን በሌሊት ያመላልሳቸዋል። ስልኩ ላይ ከሐኪም ጋር ቢቀመጡ ግን ያስኬዳል፣ እሱን ልጻፈው።

የሳር ቤቷ፦ ኧረ ድመትስ? ረቂቁ ላይ ምንለው እንስሳ እንስሳ ነው ወሬያችን ግን ሁሉ ውሻ ነው። ወንዱ ድመቴ አሸዋው ላይ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ሲል ድርቀት መስሎኝ ዘይት ስግተው ነበር፣ ለካ ሽንቱ ተዘግቶ ነው።

ዶክተር፦ እሱ ለነገ አይባልም፣ ፊኛው ሞልቶ ኩላሊቱን ይጎዳዋል፣ ልብም ያቆማል። ስልክ ሚያነሳው ልጅ "ወንድ ነው? ሽንት ወጥቶታል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። እና እባካችሁ ለድመት ፓራሲታሞል አትስጡ፣ ግማሽ ፍሬም ይገድላታል።

የአያት ሰፈሩ ልጅ፦ ያበደ ውሻ ይዞ ሚመጣ ቢኖርስ? ረዳቱ ነው ሚነከሰው።

ዶክተር፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን፣ ክትባት አለው ወይ፣ ሰው ነክሷል ወይ። ጠባዩ በአንዴ የተለወጠ ወይ መዋጥ ያቃተው ውሻ አጥንት ተሰክቶበት ነው ብሎ አፉ ውስጥ እጁን ሚከት አለ፣ እንዳይሞክሩት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ እኛ ጋ አይደለም። ለተረኛ ረዳቶቹ ደግሞ የቅድመ መከላከያ ክትባት ይጻፍልኝ፣ ያለዛ እኔም አልፈርምም።

የገርጂዋ፦ የታክሲውን ነገርም አስገቡት፣ ሌሊት ውሻ ሚጭን ሾፌር ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ መኪና ያላቸው አባላት በየሰፈሩ ስማቸውን ያስመዝግቡ። አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ሆኗል፦ "ፈቃደኛ ክሊኒኮች ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በየተራ ተረኛ እንዲሆኑ፣ በአንድ የጋራ ስልክ እንዲሰሩ፣ የተረኛው አበል ከአባላት መዋጮ እንዲሸፈን፣ ረዳቶቹ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ እንዲከተቡ እንጠይቃለን። ለሶስት ወር እንሞክረው።" ሆስፒታል ሚለው ወጥቷል።

የሳር ቤቷ፦ ጋሼ፣ 200 ብሩ ለቤት ነው ወይስ በእንስሳ? እኔ ጋ አራት ድመት አለ።

ጋሼ ከላፍቶ፦ ለቤት ነው። አምስተኛ ካመጣሽ ግን እንነጋገራለን።